ቴስተሩን ማን ይፈትሸዋል?

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሰው ያምናሉ፤ ቴስተር ግን አያምኑም ነበር።

ለራያ ቆላ የመስኖ ፓምፖች ኃይል በሚሰጠው ጣቢያ አብረን ስንሠራ፣ ብሬከር ሲበላሽ መስመሩን አጥፍተው ወዲያው አይነኩትም። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል ባለው ሌላ መስመር ላይ ይሞክሩታል፤ ከዚያ የጠፋውን ይለካሉ፤ ከዚያም ተመልሰው ኃይል ባለው ላይ እንደገና ይሞክሩታል።

«የተበላሸ ቴስተር ሁሉንም መስመር ጠፍቷል ይልሻል» ይሉኝ ነበር። «አንቺ ደግሞ አምነሽው ኃይል ያለውን ሽቦ በእጅሽ ትነኪያለሽ።»

ገበሬዎች ከአጥሩ ማዶ ሽንኩርታችን ደረቀ እያሉ ሲቆጧቸው እንኳ «አብሽሩ» ብለው ያንኑ ያደርጋሉ።

ከሰደቃቸው ማግስት ብሬከሩ እንቢ አለ። ብቻዬን ገባሁ። አጎቴ ሁሌ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ንፋስ ብቻ ነበር። አንድ የዋጃ ገበሬ በአጥሩ በኩል አየኝና፣ «ሽማግሌው የሉም እንዴ? ሽንኩርቱ ዛሬን አያድርም፤ ቶሎ በይ እንጂ» አለኝ።

«ወደ አኼራ ሄደዋል» አልኩት። «አንተ ግን አብሽር፣ ውሃው ይመጣል።»

መስመሩን አጠፋሁ። ከዚያ ቴስተሩን ይዤ፣ የተበላሸውን ብሬከር አልፌ፣ መጀመሪያ ኃይል ወዳለው መስመር ሄድኩ።