በወንዶች በኩል ያለው መስኮት

ድካሙ እስካሁን ከወገቤ አልወጣም። ሰባት ወር ሙሉ ባለቀለም መስታወት ስቆርጥ፣ ስሞርድ፣ በቀለጠ እርሳስ ሳያይዝ ከረምኩ። ደብረ ማርቆስ ካለችው ጠባብ መሥሪያዬ አምበር ድረስ በሚኒባስ ሳመላልሰው፣ በየጉድጓዱ «ኧረ ቀስ በል፣ በማርያም!» እያልኩ ሾፌሩን ስለማመጥ ነው የኖርኩት። ጣቶቼ ከመቆራረጣቸው የተነሳ በርበሬ ሲነካቸው ያስጮኹኝ ነበር።

ሥራው አምበር አጠገብ ላለችው፣ ላደግኩባት ቤተ ክርስቲያን ነው። የድምፅ ማጉያ እንኳን ገና አልገባላትም። በወንዶች በኩል የነበረውን አሮጌ የእንጨት መስኮት አንስቼ እመቤታችንን ከነልጇ የያዘ መስታወት ተከልኩበት። ለአዳራሽም ለሙዚየምም ሠርቻለሁ። ይኼን ግን የሠራሁት ለአንድ ሰው ነው። አባቴ ሙያዬን «ጠርሙስ ስባሪ መልቀም» ይሉታል። አንዴ «ጎሽ» እንዲሉኝ ነበር የፈለግኩት፤ ምን እደብቃለሁ!

የምረቃው ዕለት ቅዳሴውን ውስጥ ሆኜ አስቀደስኩ። ፀሐይ ከፍ ስትል ቀዩና ሰማያዊው ምንጣፉ ላይ አረፈ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ቀና ብለው አዩ። ቅዳሴው እንዳበቃ እየተጣደፍኩ ወጣሁ።

አባቴ እንደወትሯቸው ውጭ፣ መስኮቱ ሥር፣ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። «እኔ አልበቃሁም» ብለው ወደ ውስጥ አይዘልቁም፤ እንደሳቸው ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚያስቀድስ ብዙ ነው። ይኼን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ መስታወት ቀን ከውጭ ሲያዩት ጥቁር እንደሆነም አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አስቤው አላውቅም። ወይ የኔ ነገር!

«አባባ፣ እንዴት አዩት?»

«ጠቁሯል ልጄ።»

«ከውስጥ ነው የሚታየው። አሁን እኮ ቅዳሴው አልቋል፤ አንዴ ብቻ ይግቡ፣ እባክዎ!»

«ተወኝ፣ አልገባም።»

«ታዲያ እኔ ለማን ብዬ ነው የደከምኩት!» አልኳቸው፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሰው እየሰማ። ወዲያው አፈርኩ።

አልተቆጡም። መስታወቱን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ዳር ዳሩን እየነካኩ የሆነ ነገር ፈለጉ።

«ይኼ አይከፈትም?»

«አይከፈትም አባባ። ግጥም ያለ ነው፤ ነፋስ እንኳን አያስገባም።» ይኼን ስል ትንሽ ኩራት ሳይሰማኝ አልቀረም።

«እህ...» አሉ። «አሮጌውን ዲያቆኑ ይከፍትልን ነበር። በሩ ጋ ሰው ይበዛል፣ ጆሮዬም ደክሟል። ወንጌሉን የምሰማው በዚህ በኩል ነበር።»

እኔም የመስታወቱን ዳር ዳር መነካካት ጀመርኩ። እሳቸውም የጨነቀኝን አይተው ነው መሰለኝ፣ ትከሻዬን ያዝ አደረጉ።

«ግድ የለም። አንተ ውስጥ አልነበርክ? እስቲ ዛሬ ምን እንደተነበበ ንገረኝ።»

ምን ልበላቸው? እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስታወቴን ነበር የማየው።