አግድም አንድ

ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ40። በንፋስ መውጫ፣ በእኅቴ በውባለም ላቀው ኮምፒውተር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠው ሥራ ይህን ቀንና ሰዓት ይዟል። ሥራው አሥራ አንድ በአሥራ አንድ የሆነ የመስቀለኛ ቃላት ሰሌዳ ነው። ከሃያ አራቱ ቃላት ሃያ ሦስቱ ተሞልተዋል። የቀረው አግድም አንድ ነው፤ ስድስት የፊደል ቤት አለው። ሦስተኛውን ቤት «ተ»፣ ስድስተኛውን «ን» ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቃላት ይዘውታል። አራቱ ባዶ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ውባለም ከአልጋዋ አልተነሣችም። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

እኔ የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን፣ በእጄ ያለውን ወረቀትና ሰዎች የነገሩኝን ነው፤ የሰው ነገር ሲሆን ከማን እንደሰማሁ እገልጻለሁ።

ውባለም በጥር 1971 የዜማ ትምህርት በሚሰጥበት በቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ተወለደች። አባታችን መሪጌታ ላቀው ዜማ አስተማሪ ነበሩ። እናታችን ታደለች ደግሞ፣ ውባለም የስምንት፣ እኔ የስድስት ዓመት ልጆች ሳለን አረፈች። እናታችን ከመሞቷ በፊት ወደ ውባለም ጆሮ ተጠግታ የክርስትና ስሟን ነገረቻት። ለእኔም የእኔን ነገረችኝ። አንዳችን የሌላውን አልሰማንም፤ እንዲህ ነው የሚደረገው። የክርስትና ስም በእኛ አገር ለካህንና ለወላጅ እንጂ ለሌላ አይነገርም፤ ክፉ የሚያስብ ሰው ስሙን ይዞ ወደ ጠንቋይ ይሄድበታል ተብሎ ይፈራል። ሰው ሲሞት ግን ካህኑ ፍትሐት የሚያደርሰው በዚያ ስም ነው፤ ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት መጥቼ የቤተሰባችንን መዝገብ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። የሁሉንም ስም፣ የልደት ዘመን፣ ከሙታኑ በፍትሐት የተሰማውንና ሕያዋኑ ፈቅደው የነገሩኝን የክርስትና ስም በሠንጠረዥ አደረግሁ።

«እታለም፣ ያንቺ ዓምድ ባዶ ነው» አልኳት።

«ስሞት ትሰማዋለህ» አለችኝ እየሣቀች። «ቄሱ ጮክ ብለው ይጠሩት የለ? ያኔ ብዕርህን ይዘህ ቁም።»

ዓምዱን ባዶ ተውኩት።

በ1996 ከባሕር ዳር የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ መጣችና በንፋስ መውጫ የጽሕፈት ቤት ከፈተች። አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና ደንበኛ የሚጠብቅበት ረጅም አግዳሚ ነበራት። ማመልከቻ፣ ውል፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የሐዘን ማስታወቂያ ትጽፍ ነበር። ጨዋታውን ያስጀመራት አግዳሚው ነው። ሰዎች ወረቀታቸው እስኪታተም ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዩ ታያለች። «ከግድግዳው ጋር ከሚፋጠጡ ከፊደል ጋር ይፋጠጡ» አለችና በ1999 ክረምት «አግድም ቁልቁል» ብላ የሰየመችውን ፕሮግራም መጻፍ ጀመረች።

ያስቸገራት ፊደላችን ነው። የእንግሊዝኛው መስቀለኛ ቃል ሃያ ስድስት ፊደል ይበቃዋል። በእኛ ግን ሁለት ቃላት እንዲገናኙ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን መልኩም መግጠም አለበት፤ «ቤት»ንና «ንብ»ን ብታጋጥም ቤ እና ብ አይስማሙም። ስለዚህ ብዙ ሺህ ቃል የሌለው ሰሌዳ ግማሹ ላይ ይቆማል። ሰባት ወር ያህል ቃል በእጇ ስትለቅም ቆየችና ሰለቻት። ከዚያ ሌላ መላ አገኘች፦ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ የሚታተመው ወረቀት ሁሉ ቃሉን ለጨዋታው እንዲሰጥ አደረገች። ፍንጩም ከዚያው ይመጣል። ፕሮግራሙ ቃሉ የነበረበትን ዓረፍተ ነገር ወስዶ ቃሉን ብቻ ያወጣዋል፤ ተጫዋቹ ባዶውን ይሞላል። ለምሳሌ «ጎረቤቴ ድንበሬን ______ ወስዶብኛል» ይላል፤ መልሱ «ገፍቶ» ነው። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ሳያስብ ይመልሰው ነበር። ሰው ይሥቃል፣ ይከራከራል፤ ወረቀቱ ታትሞለትም ቁልቁል አምስትን ሳልጨርስ አልሄድም የሚል ነበር። በ2002 ቃላቱ ከስድስት ሺህ አለፉ። ተጫዋች ገብቶ መልስ እንዳያይ የቃላቱን ክምችት በይለፍ ቃል ቆለፈችው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ዋለ የሚባል ገበሬ የመሬት ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ ሰሌዳው ፊት ተቀመጠ። ውባለም እንደነገረችኝ ቁልቁል አራት ላይ ሲደርስ ወደ ሰሌዳው ጠጋ አለ። ፍንጩ «የ______ን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን» ይል ነበር። ፊደል በፊደል እየፈለገ ሞላው። ቤቶቹ አረንጓዴ ሆኑ፤ ልክ ነው ማለት ነው።

«የእናቴ ስም ነው» አለ ዋለ። «በተቀበረችበት ቀን ነው የሰማሁት። ይህ ሳጥን ከማን ሰማው?»

ውባለም ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀባትም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ደብር የሙታን መታሰቢያ መዝገቡን አምጥቶ አስጽፏት ነበር፤ ፕሮግራሙም እንደማንኛውም ወረቀት ቃሉን ለቅሞታል። ለዋለ አስረዳችው፤ ይቅርታም ጠየቀችው። ዋለ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ማመልከቻውን ተቀበለ፣ ሲወጣ ግን ለኮምፒውተሩ ጀርባውን ሳይሰጥ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው የወጣው። እሷ በሁለት ሳምንት ውስጥ 1,140 የክርስትና ስሞችን አንድ በአንድ ሰረዘች። የሰረዘችበት ዝርዝር በእጄ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ሴቶች እጅ ጽሑፋቸውን ሲሰጧት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። «እሱ እንዳይሰማ» ይሏታል ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው እያመለከቱ። እሷም «ደንቆሮ ነው፣ የሚያነብ ብቻ ነው» ትላቸዋለች።

ኅዳር 15 ቀን፣ የነቢያት ጾም በገባበት ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ካህኑ ወደ እኔ ዞረው የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። አባታችን ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ክርስትና እናቷም ነፍስ አባቷም በሕይወት የሉም። የተጠመቀችበት ደብር የጥንቱ መዝገብ በ1980ዎቹ ዝናብ ገብቶበት ጠፍቷል፤ ያጣራሁት እኔው ራሴ ነኝ። ብዕር በደረት ኪሴ ነበር። «አላውቀውም» አልኳቸው። ካህኑ እግዚአብሔር ያውቃታል ብለው በውባለም ስም አደረሱ። ለተዝካሯ፣ ለአርባኛው ቀን፣ ስሙ ቢገኝ መልካም እንደሆነ ግን ነገሩኝ። አርባኛው ቀን ታኅሣሥ 24 ነበር። ከዚያ በፊት ማግኘት ነበረብኝ።

ኅዳር 18 የደንበኞችን ወረቀት ለመመለስ ጽሕፈት ቤቷን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ጨዋታው ለዕለቱ አዲስ ሰሌዳ እንዲያወጣ አድርጋው ስለነበር ሰሌዳው ወጣ። አግድም አንድ ስድስት ቤት ነበር። ፍንጩ «አቤቱ ______ን በመንግሥትህ አስባት» ይላል። ኅዳር 14 ሳትሞላው የተወችውን ሰሌዳ ከፈትኩና አየሁት። ፍንጩ ያው ነው።

በማግስቱም አግድም አንድ ያው ነበር። በሦስተኛውም ቀን። ሌሎቹ ሃያ ሦስት ቃላት በየቀኑ ይለወጣሉ፤ እሱ አይለወጥም። ከኅዳር 18 እስከ ታኅሣሥ 6፣ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት፣ በየዕለቱ ሰዓቱን ጽፌ ሰሌዳውን አትሜ አስቀምጫለሁ።

ጥበቡ የሚባል የኮምፒውተር መምህር ለምኜ አመጣሁ። ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ የቃላቱ ክምችት ግን በይለፍ ቃሏ ስለተቆለፈ አልተከፈተለትም። ቃል የሚመርጠው በዕጣ ነው አለኝ፤ ከስድስት ሺህ አንዱን። «ሁለት ቀን በተከታታይ ያው ቃል አንደኛ ላይ ቢወጣ ይገርመኛል» አለ። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ስንት ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት። ወረቀት አውጥቶ ማባዛት ጀመረና አቆመ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ጃኬቱን ለበሰ።

«ስህተት አለበት ወይ?» አልኩት።

«ስህተት ቢኖርበት ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ።

በዚያው ቀን፣ ታኅሣሥ 6፣ ኅዳር 14 የቀረውን ሰሌዳ ከፍቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ፍንጩ «አስባት» ስለሚል የሴት ስም ነው። «ተ» ሦስተኛ፣ «ን» ስድስተኛ። «ወለተ ኪዳን» ብዬ ሞላሁ፤ ቀይ ሆነ። «ወለተ ጽዮን»፤ ቀይ። «አመተ ኪዳን»፤ ቀይ። አራተኛውን ስጽፍ የመጨረሻውን ፊደል ሳልነካው ስድስቱም ቤት አረንጓዴ ሆነ። «ን» ከቁልቁሉ ቃል ቀድሞ ተይዞ ስለነበር ነው። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም እጄን ከቁልፎቹ ላይ ያነሣሁት ቶሎ ነው።

አንድ ነገር ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። ውባለም ሃያ ሦስቱን ሞልታ ይህን ለምን ተወችው? በዚያ ምሽት ፍንጩን አንብባለች። መልሱ የራሷ ስም ከሆነ ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ነገር ግን ከኮምፒውተር የወጣ ስም ምንጩ ካልታወቀ ማስረጃ አይደለም። የሌላ ሴት ስም ቢሆንስ? በሕይወት ያለች ሴት በሙታን ጸሎት ትጠራለች። ቤቱን ቆለፍኩና በማግስቱ ወደ ወይዘሮ ጌጤ ሄድኩ። ውባለም ከእሷ ጋር በየወሩ በማርያም ቀን የጽዋ ማኅበር ነበራት። መሪያቸውን ሙሴ ይሏታል፤ ጌጤ ሙሴያቸው ናት። ፍንጩን ሳነብላት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«የእኛ ወረቀት ነው» አለች። «እንዲህ ብላ ነው የጻፈችልን፣ በየስሙ መስመር።»

ነገሩን አስረዳችኝ። የማኅበሩ አባላት አሥራ ሁለት ናቸው። ለኅዳር ጽዮን በዓል የክርስትና ስማቸው በቤተ ልሔም በጸሎት እንዲጠራላቸው ለገዳሙ መምህር ለየኔታ ኃይለ ሚካኤል ወረቀት ላኩ። እያንዳንዷ ሴት ለውባለም ብቻ በጆሮዋ ነገረቻት። ውባለም ጽፋ፣ አትማ፣ ቃል በገባችው መሠረት ጽሑፉን ከኮምፒውተሩ አጠፋችው። የረሳችው አንድ ነገር ነው፦ ሲታተም ጨዋታው ቃሉን ይለቅማል። ወረቀቱ ላይ የዓለም ስም የለም፤ አሥራ ሁለት የክርስትና ስም ብቻ ነው። የኔታም የትኛው የማን እንደሆነ አያውቁም።

«እንግዲያ አሥራ አንዳችሁ የየራሳችሁን ለይታችሁ ብታሳዩአቸው የሚቀረው የእሷ ነው» አልኳት።

ጌጤ ነጠላዋን ከአፏ መለሰች። «አንተ ግን ግቢው ውስጥ ትቆማለህ» አለችኝ።

ታኅሣሥ 21 ቀን፣ በማኅበራቸው ዕለት፣ የኔታ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጌጤ ቤት መጡ። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ጓዳ ገብተው ይወጣሉ። እማማ ማሚቴ፣ የሁሉም ታላቅ፣ ሲወጡ በእኔ በኩል አለፉና «ሰባ ዓመት የደበቅሁትን አስወጣህብኝ፣ አንተ መዝገብ» አሉኝ። አሥራ አንደኛዋ ከወጣች በኋላ የኔታ ራሳቸው ወጡ። ወረቀቱን አጥፈው ይዘውታል።

«አንተ የያዝከውን ጻፍ» አሉኝ። «እኔ አልነግርህም፤ አንተም እንዳትነግረኝ።»

ጽፌ ሰጠኋቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው ተመለከቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ሰባተኛው መስመር ነው» አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፣ በጽዮን ዕለት ከሕያዋን ጋር ጠርቻታለሁ። በሞተች በሰባተኛው ቀን። ማን ነገረኝ?» አሉ።

ታኅሣሥ 24 ቀን፣ ማክሰኞ፣ በተዝካሯ ፍትሐት ካህኑ «አመተ ጽዮን» ብለው ጠሯት። ሰው ሁሉ ሰማ። ብዕሬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ የቤተሰቡን መዝገብ አውጥቼ ባዶውን ዓምድ ሞላሁት።

በማግስቱ ቤቷን ከፍቼ ኮምፒውተሩን አስነሣሁ። አዲስ ሰሌዳ ወጣ። አግድም አንድ ሦስት ቤት ነበር፤ መልሱ «ገብስ» ነው። ከዚያ ወዲህ ያ ፍንጭ አልተመለሰም። ለምን እንደመጣም ለምን እንደሄደም የምጽፈው የለኝም።

የኅዳር 14ን ቀን ከየኔታ አፍ ሰምቼ የመዘገብኩት እንዲህ ነው። ውባለም ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ቤተ ልሔም ደረሰች። ከአስፋልቱ ጀምራ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ነበር። የኔታ ተማሪ ዜማ እያስቀጸሉ ስለነበር እስኪጨርሱ ከግንቡ ጥላ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ እጃቸውን ተሳልማ ወረቀቱን ከላስቲክ ማቀፊያው አውጥታ ሰጠቻቸው። አሥራ ሁለት መሆኑን ቆጥረው እንዲቀበሏት ጠየቀች፤ ቆጠሩ። ላስቲኩንም አብረው ሊያስቀምጡት ሲሉ እጇን ዘረጋች።

«ላስቲኩን ይመልሱልኝ፣ የኔታ፤ ለነገ ሥራ አለኝ» አለቻቸው።

መለሱላት። አራግፋ ለሁለት አጠፈችው፣ በቦርሳዋ ከተተችው፣ መንገዷን ሄደች።