የኦጉላ እንግዶች

ዘንድሮ በጥር ጋምቤላ ላይ ዝናብ ወረደ። የሰፈራችን የኒውላንድ ሰው "እሰይ፣ ሙቀቱ በረደልን" እያለ በየደጁ ወንበር አወጣ። ባለሱቁ ጎረቤቴ ከድር፣ "ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?" አለኝ። ዕድሜ ነው ይሉኛል እንጂ እኔ የበጋ ዝናብ ድሮም አልወድም።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ከጎሬ ተመድቤ የመጣሁ ጎረምሳ መምህር ነበርኩ። ባሮ ዳር ቤት ያከራየኝ ኦጉላ የሚባል አኙዋክ አዳኝ ነው። በየበጋው የደረቀውን ሳር ይለኩስና እሳቱን ሸሽቶ የሚወጣውን አውሬ ያድናል። በረዶ ከሚጥልበት ከሩቅ ሰሜን የሚመጡት ንስሮችም በእሳቱ ጠርዝ አንበጣና አይጥ ይለቅማሉ። "እንግዶቼ" ይላቸው ነበር።

ያን ዓመት ዝናቡ በጋው መሀል ገብቶ አልወጣም አለ። ሳሩ እንደ ጎመን ለመለመ፣ እሳት እምቢ አለ። ንስሮቹ ላባቸው ርሶ መሬት ላይ ተኮራምተው ይውላሉ፤ ስንጠጋቸው እንኳ አይነሱም። ወንዙ ዳር የሞቱትን ሳነሳ ደረታቸው አጥንት ብቻ ነበር።

"ቲቸር፣ እንግዳ መጣ፣ ምግብ የለም" አለኝ ኦጉላ። "ይሄ ለእኔ ነውር ነው።"

"ዝናቡን አንተ አላመጣኸው።"

"እሳቱ ግን የእኔ ነው።"

የደረቀ ዓሣ ወረወረላቸው፤ ቁራና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቀድመው ዋጡት።

በየካቲት፣ መሄጃቸው ሲደርስ፣ ፀሐይ ወጣች። ኦጉላ "ጠግበው ይሂዱ" ብሎ ለኮሰ። ጭሱን አይተው መጡ፤ አንበጣውን በእግራቸው እየሮጡ ለቀሙ። ኦጉላ ሳቀ፣ እኔም አንጀቴ ራሰ። ወዲያው ነፋሱ ዞረ። እሳቱ ሲደርስባቸው ክንፋቸውን ዘረጉ፤ መነሳት ግን አቃታቸው። ኦጉላ እየጮኸ እሳቱ ውስጥ ገባ፤ አንዱን ጎትቶ አወጣ። ንስሩ እጁ ላይ ሞተ። የተቃጠለ ላባ ሽታ ዛሬም ምግብ ይዘጋኛል።

የተረፉት ከስተው ሄዱ። እንዲያ ከስቶ አገሩ የሚገባ ንስር እንቁላል መጣል እንደሚያቅተው፣ ቢጥልም ጫጩቱን ለማሳደግ አቅም እንደሚያጣ፣ በኋላ ከመጽሐፍ አነበብኩ። ለኦጉላም ነገርኩት። በቀጣዩ በጋ ሳሩ እንደ ወትሮው ደረቀ፣ የመጡት ንስሮች ግን ጥቂት ነበሩ። መንደሩ ሁሉ ለኮሰ። ኦጉላ ክብሪቱን አምጥቶ፣ "አንተ ቤት ይቀመጥ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሳር ለኩሶ አያውቅም።

ይህን ለከድር ብነግረው፣ "ለወፍ ነው እንዴ እንዲህ የሚያዝኑት?" ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም፤ ሰውየውን አያውቀውም። ኦጉላ ዝናቡን ይቅር ብሎት ነበር። ራሱን ግን ይቅር ሳይል ሞተ።