ለግብር ቀን የተዋሱኝ ጋቢ

ሀብታም በግብር አለቀ ሲሉ ስሰማ ዛሬም ጀርባዬን ይበርደኛል። በንጉሡ ዘመን፣ ሰቆጣ አጠገብ መሬታቸውን የማርስላቸው ጌታ «የገቢ ግብር ሊያራቁተን ነው!» እያሉ ሲያላዝኑ ከረሙና፣ የግብር ገማቹ የሚመጣ ዕለት የተቀዳደደች ጋቢዬን ተዋሱኝ። ብርድ እንዳይገድለኝ ካባቸውን ደረቡልኝ። ገማቹ ለአገሩ እንግዳ ነው፤ ጋቢዋን አይቶ አዘነላቸውና ግብሩን ቀነሰላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ካባውን ዳሰሰ። «አንተማ ተርፎሃል!» ብሎ ቆለለብኝ።

ሰውየው እንደሄደ ጌታ ካባቸውን ከትከሻዬ ገፈፉ። ጋቢዬንም «ለከርሞ ታስፈልገኛለች» ብለው አስቀሩ። ግብሬን ግን ንክች አላደረጉብኝም።

«አየህ ልጄ፣» አሉኝ፣ «የሀብታም መከራ አሁን ገባህ?»