አራት ጉርድ ፎቶግራፎች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህን ዘልዬዋለሁ። በጡረታ በተሰናበትሁበት ቀን ባልደረቦቼ እየተነሡ ስለ ጥንቃቄዬ ሲመሰክሩ አንገቴን ደፍቼ አዳመጥሁ እንጂ አልተቃወምሁም። አሁን አንባቢ ሆይ፣ አንተ ቀድመህ ስማ። በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ብዬ ጽፌአለሁ። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ የፈረምሁበት እኔ ነኝ፤ በወጪ መዝገብ ቁጥር ሰጥቼ የላክሁትም እኔው ነኝ።

በቅደም ተከተል ልናገር፤ ከልማዴ መውጣት አልችልም።

በደርግ ዘመን፣ የእጅ ጥበብ ውጤቶችን ለውጭ ገበያ በሚያቀርብ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የደብዳቤ ልውውጥ ኃላፊ ነበርሁ። ቢሮአችን በንፋስ ስልክ መንገድ ዳር ነበር፤ ቤቴ ጎፋ ስለሆነ በእግሬ እመላለስ ነበር። አንድ ጊዜ ባለሙያዎችን እንድመዘግብ ወደ ላፍቶ ተላክሁ። ላፍቶ ያን ጊዜ እርሻ ነበር። እዚያ ኦቦ ቶላን አገኘሁ፤ ጤፍና ሽምብራ የሚያርስ፣ በበጋ ደግሞ ከዋንዛ እንጨት ገበጣ የሚጠርብ ሽማግሌ። የእርሱ ገበጣ እንደ ሌላው አልነበረም። የጉድጓዶቹን ወለል አንዱን ስስ፣ አንዱን ወፍራም አድርጎ ስለሚፈለፍላቸው ጠጠር ሲወድቅባቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ ይሰጣሉ። ሲጫወት ጠጠሩን ከጉድጓድ ጉድጓድ እያደለ በጉሮሮው ያንጎራጉራል፤ ጨዋታውና ዜማው አንድ ላይ ይሄዳሉ፣ አንድ ላይ ይቆማሉ። ተጋጣሚው ሲሸነፍ ዜማውም ያልቃል።

ያን ቀን አንድ አሳብ መጣልኝ። ገበጣውና የሸክላ ሙዚቃ በአንድ ሣጥን ቢሸጡስ? የውጭ አገር ሙዚቀኛ በኦቦ ቶላ ጨዋታ ላይ የራሱን ሙዚቃ ቢጨምርበት፣ የሸክላ አሳታሚው ሸክላውን፣ እኛ ገበጣውን ብናቀርብስ? አሳቡ የእኔ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ኩራት አለ፤ ኩራቱንም ከኑዛዜዬ ጋር ቁጠርልኝ።

ኃላፊዬ ማመልከቻዬን አንብቦ ሳቀ። ‹‹ጓድ፣ አገሪቱ ቡና ትልካለች፤ አንተ ጠጠር ልትልክ ነው?›› አለኝ። ቢሆንም ፈረመበት፤ በሣጥኑ ክዳን ላይ መፈክር እንዲጻፍ አዝዞ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ጻፍሁ። ለምሥራቅ አውሮፓ አሳታሚዎች ጻፍሁ፤ ለሙዚቀኞች ማኅበራት ጻፍሁ፤ በካሴት የቀዳሁትን የኦቦ ቶላን ጨዋታ በጥጥ ጠቅልዬ ላክሁ። አንዱ፣ ‹‹ድምፁ መልካም ነው፤ ዘፋኙ ግን የት አለ?›› ብሎ መለሰ። ሌላው ጨዋታ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሌላ መሆኑን ገልጾ ወደ አሻንጉሊት ፋብሪካ መራኝ። የአሻንጉሊት ፋብሪካው ወደ ሙዚቃ አሳታሚው መለሰኝ። አንዱ ካሴቱን ሳይከፍተው መልሶ ላከልኝ፤ ጥጡ እንኳ አልተነካም። በየጊዜው ደብዳቤዬን አሻሽላለሁ፣ አሳጥራለሁ፣ እንደገና እተይባለሁ። ኃላፊዬ በመተላለፊያ ሲያገኘኝ፣ ‹‹ጠጠሩ እንዴት ሆነ?›› ይለኛል። እየሳቅሁ አልፈዋለሁ፤ ቤቴ ስደርስ እራት አይበላልኝም።

በአራተኛው ዓመት ከቡዳፔስት መልስ መጣ። አንድ ሙዚቀኛ ካሴቱን ሰምቶ ልቡ ተነክቷል። አሳታሚው ሸክላውንም ገበጣውንም ተቀብሏል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ባለሙያው ራሱ መጥቶ ከሙዚቀኛው ጋር በመድረክ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲጫወት። ስሙም በሸክላው ላይ ይታተማል።

ወደ ላፍቶ ሄጄ ስነግረው ኦቦ ቶላ የሚጠርበውን እንጨት አስቀመጠ። ከዚያ፣ ‹‹ሰውዬው ገበጣ ይችላል?›› ብሎ ጠየቀኝ።

‹‹አይችልም፤ ከእርስዎ መማር ይፈልጋል።››

‹‹እንግዲያው አላሸንፈውም። እንግዳ አይሸነፍም።››

‹‹እንግዳውማ እርስዎ ነዎት!›› አልሁት። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። በሳምንቱ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሥቶ አመጣልኝ። በዕድሜው ሙሉ ፎቶግራፍ ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር። ሸሚዙ የተዋሰው መሆኑ ከአንገቱ ስፋት ያስታውቃል።

ለፓስፖርት ግን የገበሬ ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። የኦቦ ቶላ ታላቅ ልጅ ከብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሸሽቶ ጠፍቷል። ሊቀመንበሩ በሰው ፊት፣ ‹‹መጀመሪያ ልጅህን አምጣ፤ ከዚያ አውሮፕላን ትሳፈራለህ›› አለው። የላፍቶ ሰውም ይህን ያዘ። ‹‹ኦቦ አውሮፕላን፣ መቼ ነው የምትነሣው?›› ይሉት ጀመር።

የመሥሪያ ቤታችንን ማኅተም ይዤ ሊቀመንበሩን ልለምነው እችል ነበር። አልለመንሁትም። ለምን? ከሸሸ ወጣት አባት ጋር ስሜ በአንድ ወረቀት ላይ እንዳይውል ፈራሁ። ፍርሃቱ የዘመኑ ነበር ልበል? ዘመኑ ብዙዎችን አስፈራርቷል፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ ግን ፈርተውም ለሰው ቆመዋል። እኔ ከእነርሱ አልነበርሁም።

ለአሳታሚው፣ ባለሙያው በዚህ ወቅት መምጣት ሊያዳግተው ይችላል ብዬ ጻፍሁ። መልሳቸው ደግ ነበር፤ እስኪመቸው ድረስ ዓመትም ቢሆን እንጠብቃለን አሉ። ያ ደግነት አናደደኝ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሥራ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ነው። ቢታመም ይጠብቁታል፤ ቢታሰር እንኳ ይጠብቁታል። የማይጠበቅ ሰው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በቢሮዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሻይ እየጠጣሁ ጠየቅሁ። መልሱንም እኔው አገኘሁት። ወረቀት ወደ ታይፕ መኪናው አስገብቼ፣ ‹‹ባለሙያው አቶ ቶላ በሞት የተለዩ በመሆናቸው በምትካቸው የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ እንዲገኝ እናሳስባለን›› ብዬ ጻፍሁ። ባልደረባው እኔ ነበርሁ። ለኃላፊዬም ሽማግሌው ሞቷል አልሁት። ‹‹ነፍስ ይማር›› ብሎ ፈቀደ።

በአራተኛው ቀን ኦቦ ቶላ ከላፍቶ በእግሩ መጥቶ ከቢሮዬ በር ላይ ቆመ። በኪሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ነበረው። ሽማግሌዎች ዋስ ሆነውለት ሊቀመንበሩ የድጋፍ ደብዳቤውን ፈርሞለታል።

‹‹እነሆ ልጄ፣ ፈቀዱልኝ›› አለኝ። ‹‹ማኅተሙን እየው፤ እርጥብ ነው።››

አንባቢ ሆይ፣ ጊዜ ነበረኝ። ‹‹ቀደም ሲል የተጻፈው በስህተት ስለሆነ እንዲታረም›› የሚል አንድ መስመር ቴሌግራም ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ የአገልግሎት ዘመኔ በእኔ እጅ የወጣ ደብዳቤ በስህተት ነው ተብሎ ተሽሮ አያውቅም። ሌሎች በየወሩ ያርሙ ነበር፤ እኔ አላረምሁም። አዲስ ጸሐፊ ሲቀጠር ኃላፊዬ ወደ እኔ እያመለከተ፣ ‹‹ከእርሱ ተማሩ›› ይል ነበር። ስለዚህች ከንቱ ክብር ስል የድጋፍ ደብዳቤውን ተቀብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትሁና፣ ‹‹ይጠብቁ፤ ጥሪው ሲመጣ አሳውቅዎታለሁ›› አልሁት። አመስግኖኝ ሄደ። ማኅተሙ ጣቴን ሰማያዊ አድርጎት ነበር።

አሳታሚው የኀዘን መግለጫ ላከ፤ የሟቹንም ፎቶግራፍ ጠየቀ። አራቱንም ጉርድ ፎቶግራፎች በአንድ ፖስታ አሽጌ ላክሁ። አንዱ ይበቃ ነበር። ለምን አራቱንም? ፊቱ በመሳቢያዬ ውስጥ እንዳይቀር ብዬ ይሆናል።

ቡዳፔስት ሄድሁ። ከሙዚቀኛው ጋር ተቀምጬ ገበጣ ተጫወትሁ፤ ጠጠሮቹ በእኔ እጅ ሲወድቁ ጠጠር ብቻ ነበሩ። የኦቦ ቶላ ዜማ ከካሴት ይሰማ ነበር። ሙዚቀኛው ጨዋታውን ሳይጀምር ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጥቂት ቃላት ተናገረ፤ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ተማሪው አስተርጓሚዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ‹‹ለሟቹ ክብር የኅሊና ጸሎት ነው፤ ይነሡ›› አለኝ። ተነሣሁ። አንገቴን ደፋሁ። የእህል መውቂያ ወራት ነበር፤ በዚያች ሰዓት ኦቦ ቶላ ላፍቶ አውድማ ላይ በሬዎቹን እያዞረ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ ብቻ ነበርሁ የማውቀው።

ከጉዞዬ ስመለስ ጥሪው ተሰረዘ አልሁት። ይቆጣኛል፣ ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በጮኸብኝ! እርሱ ግን፣ ‹‹አይዞህ ልጄ፤ አንተ ደክመሃል›› አለኝ። ከሳምንት በኋላ የድካሜ ዋጋ ነው ብሎ አዲስ ገበጣ ጠርቦ በሰው ላከልኝ። የላፍቶ ሰው ግን አልተወውም፤ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ኦቦ አውሮፕላን ነበር። ፍየል የሚጠብቁ ልጆች ሳይቀሩ ክንዳቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው በበሩ ያልፉ ነበር። ፈቃድ አጥቶ አይደለም የተሳቀበት፤ ተፈቅዶለት ሳለ ነው።

ሸክላው ታትሞ በሁለት ቅጂ ደረሰኝ፤ አንዱ ‹‹ለሟቹ ቤተሰብ›› የሚል ወረቀት ተያይዞበታል። በሽፋኑ ላይ የኦቦ ቶላ ፊት ከሙሉ ስሙ ጋር በጥቁር መስመር ተከቦ ታትሟል። አንዱን ቅጂ በመዝገብ ቤት ፋይል አስገባሁ። የቤተሰቡን ወደ ቤቴ ወስጄ ከቁም ሣጥኔ ሥር ሸሸግሁት።

ኦቦ ቶላ በእውነት የሞተው ሥርዓቱ ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ልቅሶ ደረስሁ። ሴት ልጁ ዲንቄ ከድንኳኑ ጥግ ጠርታኝ፣ ‹‹ጋሼ፣ ልጠይቅዎት እኮ ነው፤ የአባቴ ፎቶ የለዎትም? አንድ ጊዜ ተነሥቶ ነበር፤ አራቱንም ለመንግሥት ሰጠሁ ይል ነበር። ለፍታቱ የምናቆመው እንኳ አጣን›› አለችኝ።

‹‹የለኝም›› አልኋት።

ይህን ደግሜ ልጻፈው፤ መጀመሪያ የጻፍሁት ውሸት ምናልባት ከፍርሃትና ከትዕቢት ነበር። ይህኛው ከምን ነበር? ሥርዓቱ ሄዷል፤ ኃላፊዬ ሞቷል፤ የሚሽረኝ መዝገብ የለም። በሸክላው ሽፋን ላይ ያለው ፎቶግራፉ በጎፋ ቤቴ፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ጥቁሩ መስመርም ያን ቀን እውነት ሆኗል። እኔ ግን የለኝም አልሁ፤ ያለ ምስሉም ተቀበረ።

ላፍቶ ዛሬ እርሻ አይደለም። አውድማው የነበረበት ላይ ፎቅ ቆሟል። ዲንቄ በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ከልጆችዋ ጋር ትኖራለች፤ አድራሻዋን አጠያይቄ አግኝቻለሁ። ሸክላውንና አንድም ቀን ያልተጫወትሁበትን ገበጣ በጨርቅ ጠቅልዬአለሁ። ይህን ጽሑፍ ከላይ አስቀምጣለሁ። ነገ ጠዋት ራሴ እወስዳለሁ፤ በሰው አልልክም። በሯን ብትዘጋብኝ መብቷ ነው። ይቅርታዋን አልጠይቃትም፤ ይቅርታ ብጠይቃት እንደገና አንድ ነገር ከቤታቸው ይዤ ልሄድ መሆኔ ነው።

ከጽሑፉ ጋር አንድ ደብዳቤ አያይዣለሁ። በሕይወቴ የጻፍሁት የመጀመሪያው ማረሚያ ነው። በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ‹‹በስህተት›› የሚለው ቃል የተለመደ ነው፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝሁት። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

‹‹ለወይዘሮ ዲንቄ ቶላ። አባትዎ አቶ ቶላ በሕይወት ሳሉ ሞተዋል ተብሎ የተጻፈው ደብዳቤ እያወቅሁ የጻፍሁት ነው። የጉዞ ፈቃዳቸው ተሟልቶ በእጄ ገብቶ ነበር። ጥሪውም አልተሰረዘም። የቀሩት በእኔ ነው። ይህንኑ እንዲያውቁትና በአባትዎ ለሳቀ ሁሉ እንዲያነቡለት በአክብሮት እገልጻለሁ።››

ፈረምሁበት። ማኅተም የለውም።