አቦይ ተስፋይ ፍሪጅ ውስጥ ያስተኙት ዘር

ልጅ ሆናችሁ አስተማሪ አዟችሁ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልላችሁ ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በነጋታው ጠዋት ማንም ሳያያችሁ ጥጡን ገለጥ አድርጋችሁ አላያችሁም? ፍሬዋን በጣታችሁ አላገላበጣችኋትም? እኔ አድርጌዋለሁ። ባቄላ ግን ቂም አይዝም፤ ብታገላብጡትም ይበቅላል። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ዘር ነው፤ ባለቤቱም እኔ አልነበርኩም።

ያደግኩት ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ነው። ደርግ አባቴን ካሰረው በኋላ እናቴ እኔን አዝላ ስለወጣች አዲስ አበባን የማውቃት በወሬ ነበር። ግቢያችን በአንድ የሲሚንቶ ሜዳ ዙሪያ የተደረደሩ ዘጠኝ ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧና አንድ ፍሪጅ ነበሩት። ፍሪጁ የአከራያችን የማማ ሐሊማ ነው። በመስኮታቸው በኩል ቀዝቃዛ ሶዳና ወተት ይሸጡ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጂኮ የምንለው የከሰል ምድጃ በየደጁ ሲቀጣጠል፣ የከሰሉ ጭስና በዘይት የሚጠበሰው የማንዳዚ ብስኩት ሽታ አንድ ላይ ሆኖ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ነበር።

በዚያ ግቢ ዕድሜ ያለው ነገር የሚተክል ሰው አልነበረም። ቃሪያና ጎመን በቆርቆሮ ይተከላሉ፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ሁሉም ሰው በሚቀጥለው ዓመት አገሩ የሚገባ ነበርና ማን ለኪራይ ግቢ ዛፍ ይተክላል? እናቴ ግድግዳው ላይ ምስማር እንኳ አትመታም ነበር። የቀን መቁጠሪያችን የሚንጠለጠለው በመስኮቱ እጀታ ላይ ነው።

ይህን ልማድ የጣሱት አቦይ ተስፋይ ናቸው። አቦይ ከቧንቧው አጠገብ ባለችው ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛውን የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በአትክልተኝነት ሲሠሩ ነው። እኔን “ጓለይ” ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በዚያን ጊዜ ላቪንግተን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ለአንዲት አሮጊት ፈረንጅ አትክልተኛ ነበሩ። ሴትዮዋ እህቷ ከአገር ቤት በፖስታ የላከችላት የአበባ ዘር ነበራት፤ ፒዮኒ ይባላል። የብርድ አገር አበባ ነው። ጽጌረዳ ይመስላል፣ ግን ይተልቃል፤ ድርብርብ ሆኖ ሲፈካ የሕፃን ራስ ያክላል። እናቷ ደጅ የነበረ አበባ ነው አሉ። ሁለት ጊዜ ዘርታ እምቢ ሲላት የተረፈውን ልትጥለው ነበር፤ አቦይ ለምነው ወሰዱት። አንድ ቅጠል እንኳ ካወጣ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር እንደሚተክሉላት ቃል ገቡላት። “እሷም እንደ እኛው ናት፣ አገሯ ሩቅ ነው” ብለው ነበር ለእናቴ።

እዚህ ላይ የዘሩን ጠባይ ላስረዳችሁ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። የፒዮኒ ዘር ሁለት ጊዜ ነው የሚነቃው። መጀመሪያ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ወደ ታች ሥር ይሰዳል፣ ወደ ላይ ግን ምንም አያወጣም። ከዚያ ወራት የሚቆይ ብርድ ይፈልጋል። ብርዱን ተኝቶ ካሳለፈ በኋላ እንደገና ሲሞቀው፣ ያን ጊዜ ብቻ ቅጠል ያወጣል። ከግማሽ ዓመት በላይ ከላይ ለሚያየው ሰው የሞተ ነው። ይህ ሁሉ እህትየዋ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ ነበር። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ አነበበችላቸው፤ አቦይ በቃላቸው ያዙት።

ሥራውን የጀመሩት የናይሮቢ ትልቁ ዝናብ ሲገባ፣ መጋቢት ላይ ነው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደብተሬ ንጹሕ፣ ጽሑፌ ቀጥ ያለ ስለነበር መዝጋቢ አደረጉኝ። ዘሩን ሦስት ቀን ዘፈዘፉት፤ የተንሳፈፈውን ለቅመው ጣሉ። አሥራ ሰባት ፍሬ ቀረ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አተር የሚያክል ነው። ቅርፊቱን በብርጭቆ ወረቀት በዝግታ ፈገፈጉት፤ ከታጠበ አሸዋ ጋር በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አኖሩት፤ ክዳኑን በምስማር በሱና ጣሳውን ከጂኮው ጀርባ፣ ለብ የሚለው ቦታ ላይ አስቀመጡት። እርጥቡ አሸዋ ዝናብ የነካው አቧራ ዓይነት ሽታ ነበረው። እኔ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍኩ።

እናቴ መቼ ያብባል ብላ ጠየቀቻቸው። አቦይ፣ ሁሉ ከቀናው በአምስት ዓመት አሉ። እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

“አቦይ፣ በአምስት ዓመት እኮ እኛ እዚህ የለንም።”

“ሴትዮዋማ ትኖራለች” አሉ፣ ክዳኑን እየገጠሙ።

ግቢው ወሬ አገኘ። በረንዳው ላይ ዳማ የሚጫወቱት ሰዎች፣ በተለይ ካናዳ ለመሄድ ሦስት ዓመት የጠበቁት ጋሽ ወርቁ፣ አቦይ ባለፉ ቁጥር አይለቋቸውም። “አቦይ፣ ዘሩም እንደኛ ወረቀት እየጠበቀ ነው እንዴ? ፎርም ይሞላለት እንጂ!” ይላሉ። አቦይ ፈገግ ብለው ያልፋሉ። በሦስተኛው ወር ማብቂያ ጣሳውን ከፍተው አንድ ጣታቸውን ወደ አሸዋው አስገቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና “ጀምሯል” አሉ። እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። “ሥር በዓይን አይታይም፣ ጓለይ። ሲያዩት ይታመማል” ብለው ዘጉት። እውነቱን ልናገር፤ አላመንኳቸውም። ለዳማ ተጫዋቾቹ ሲሉ የተናገሩት መሰለኝ።

ከዚያ ማማ ሐሊማን ለምነው ጣሳውን ፍሪጁ ውስጥ፣ ከወተቱ ጀርባ አስተኙት። ማማ ሐሊማም ሽማግሌውን በስዋሂሊ ሙዜ እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። “ሙዜ እንቁላላቸውን መቼ ነው የሚያስፈለፍሉት?”

ሐምሌ ናይሮቢ ይበርዳል። ትምህርት ቤት የምንሄደው ሹራብ ደራርበን ነው። በዚያው ወር የሳይንስ አስተማሪያችን ዘር እንዲበቅል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፤ ውሃ፣ አየር፣ ሙቀት። በማስመሪያ እያሰመርኩ ገለበጥኩ። ከዚያ እጄን አውጥቼ፣ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ዘርስ ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አስተማሪው ደግ ሰው ነበር፤ ፍሪጅ ለሥጋ ነው አለኝና ደብተሬ ላይ ትልቅ ራይት አደረገልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አቦይ ሳያውቁ ዘሩን እየገደሉት ነው። ጋሽ ወርቁ ይስቁባቸዋል፤ ሴትዮዋም ባዶ እጃቸውን ታያቸዋለች። ይህን የምጽፈው ከጥፋቴ ለማምለጥ አይደለም። በተንኮል አላደረግኩትም፤ ግን ደግሞ ማንንም አልጠየቅኩም። ራይት ያለበት ደብተር በእጄ ነበር፤ ማንበብ ከማይችሉ ሽማግሌ ይልቅ ደብተሬን አመንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ማማ ሐሊማ ገበያ ሲወጡ ሶዳ መሸጫውን መስኮት ለእኔ ይተዉልኝ ነበር። አቦይ ላቪንግተን ነበሩ። ጣሳውን አወጣሁ። ከጂኮው ጀርባ መልሼ ከማስቀመጤ በፊት ዘሮቹ መሞት አለመሞታቸውን ማረጋገጥ ፈለግኩና ጋዜጣ አንጥፌ ዘረገፍኩት።

አሥራ ሰባቱም ሥር አውጥተው ነበር። ትንሿን ጣቴን የሚያህል፣ ነጭ፣ ወፍራም ሥር። እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። ለካ አቦይ ያሉት እውነት ነው! ደስታዬ እንዴት እንደነበረ መግለጽ ያቅተኛል፤ የቆየው ግን አንድ እስትንፋስ ያህል ነው። ለመቁጠር ብዬ አንዱን ከአንዱ ስለይ ቀጭ አለ። ለምለም ሽንኩርት ሲሰበር እንደሚለው ነው። ቀስ ብዬ ልለያይ ስሞክር ሌላውም ቀጭ አለ። ስቸኩል ጭራሽ ባሰ። አሥራ አምስቱ ተሰበሩ። የቀሩትን ሁለቱን፣ ላይና ታቻቸውን እንኳ ሳልለይ፣ ከተሰበሩት ጋር አሸዋው ውስጥ መልሼ ቀበርኳቸው። ከላይ በማንኪያ ደልድዬ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ጣሳውን ወደ ወተቱ ጀርባ መለስኩ።

ሥርዓት ያለብኝ ልጅ ነበርኩና ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ አሥራ ሰባት ዘር፣ አሥራ ሰባት ሥር፣ የተሰበረ አሥራ አምስት። አየሁትና ገጹን ገነጠልኩ። በመሐል የተሰፋ ደብተር አንዱን ገጽ ሲገነጥሉት ጥንዱም ይላቀቃል። የተላቀቀው ገጽ ያ ራይት ያለበት ነበር።

ጥቅምት ላይ አቦይ ጣሳውን አውጥተው ዘሮቹን ፀሐይ በምታገኝ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አዛወሩ። ዓይናቸው ስለደከመ በጣታቸው እየዳበሱ ነበር፣ ከነአሸዋው እፍኝ እፍኝ አድርገው። ላያቸው ላይ አፈር ሲነሰንሱ አጠገባቸው ቆሜ ውሃ አቀብላለሁ። ኅዳር አለፈ። ታኅሣሥ መጣ። የዳማ ተጫዋቾቹ በየቀኑ ሣጥኑን ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ መጀመሪያ ለቀልድ፣ በኋላ ግን በእውነት እየጠበቁ። ጋሽ ወርቁ አንድ ቀን ጠዋት የበቀለ መስሏቸው ሲሮጡ አይቻለሁ። ሣር ነበር።

አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ አቦይ ሣጥኑን በሁላችንም ፊት ገለበጡት። የበሰበሰ ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። አንሥተው አሸተቱት። ጋሽ ወርቁ ዳማውን ትተው ተነሥተው አጠገባቸው ቆሙ።

“ዘሩ ደህና ነበር” አሉ አቦይ። “እጄ ነው። እጄ አርጅቷል።”

ውሃ ማጠጫው በእጄ ነበር።

ለሴትዮዋ ራሳቸው ሄደው ነገሯት። ሻይ አፈላችላቸው፣ ስለ አበባውም ዳግመኛ አልተነሣም አሉ። ከዚያ በኋላ ግን አቦይ ጽጌረዳ መግረዝ ተዉ። እጄን አላምነውም ብለው ሌላ ሰው አስቀጠሩና እሳቸው ሣር ማጨድና ቅጠል መጥረግ ብቻ ያዙ። የመግረዣ መቀሳቸው ከደጃቸው ምስማር ላይ ተሰቅላ ቀረች። ምስማሩ በዚያ ግቢ ግድግዳ ላይ ከተመቱት ጥቂት ምስማሮች አንዱ ነበር። ውሃ ልቀዳ በሄድኩ ቁጥር መቀሷን አያታለሁ። መጀመሪያ ስለቷ ደበዘዘ፣ ከዚያ ምላሷ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ፣ ከዚያ ነጥቡ ሰፋ። አንድ ቀን ጀሪካናቸውን ሞልቼ ደጃቸው ላይ ስቆም “ምን ሆነሻል፣ ጓለይ?” አሉኝ። “ምንም” አልኩ።

ሁለት ዓመት ቆይተው አረፉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ውሃ ቀድቻለሁ። የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

እኛም በሚቀጥለው ዓመት አገራችን አልገባንም። ዘሩ ከተዘራ አምስት ዓመት ሲሞላው እዚያው ኢስትሊ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርን። አሁን ደርግም የለም፤ ጋሽ ወርቁም ካናዳ ገብተዋል፤ እናቴም ምስማር መትታ ፎቶ ሰቅላለች። እኔ እዚሁ ናይሮቢ አስተማሪ ሆኛለሁ፣ የማስተምረውም ሳይንስ ነው። ማታቱ የምንለው ታክሲ በላቪንግተን በኩል ሲያልፍ የዚያችን ቤት አጥር ለማየት አንገቴን አሰግጋለሁ። የናይሮቢ ብርድ ለፒዮኒ አይበቃውምና ላያብብ ይችል እንደነበር አሁን አውቃለሁ። አቦይ ቃል የገቡት ግን አንድ ቅጠል ካወጣ ብለው ነበር፤ አንድ ቅጠልማ ያወጣ ነበር።

ያ ትምህርት ሲደርስ ውሃ፣ አየር፣ ሙቀት ብዬ እጽፍና አንዳንድ ዘር ግን መጀመሪያ ብርድ ይፈልጋል ብዬ አስረዳለሁ። ባለፈው አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ “ቲቸር፣ አይሞትም?” አለችኝ። አይሞትም፣ በዓይኔ አይቻለሁ አልኳት። የት እንዳየሁ ስትጠይቀኝ ደወሉ ተደወለ፤ ደስ አለኝ። ቀሪውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ቶሎ የማይበቅል ዘር ፈልጉ፤ ፒዮኒ ካጣችሁ የወይራም ይሆናል። ጣሳው ላይ ቀኑን ጻፉ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ አትክፈቱት። የሌላ ሰው ጣሳ ከፍታችሁ ከሆነ ደግሞ አሸዋውን በማንኪያ አትደልድሉ። ባለቤቱ ከሥራ ሳይመለስ ደጁ ላይ ሄዳችሁ ቁሙና፣ ሲመጣ ንገሩት።