ማግኔቱና የአባቴ ኒሻን

ዛሬ ቦንጋ ገበያ፣ የሬዲዮ ጠጋኙ ማግኔት ብሎን ጠቅ አድርጎ ሲይዝ፣ እኔ ሽማግሌው እንደ ግልገል ደንብሬ ዘለልኩ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ መስቀል መሳይ የጀርመን ጦር ኒሻን ነበረው። "በወባ የታመመ ጀርመናዊ አስታምሜ የሰጠኝ ነው" ሲል ሰፈሩ ውሸታም ይለው ነበር። አንድ ቀን ኒሻን ሰብሳቢ መጣ።

"ጋሼ፣ የእውነተኛው መሀሉ ብረት ነው፤ ማግኔት ይይዘዋል" አለና ማግኔቱን አወጣ።

"እስቲ ይሞከርና እንየው!" አለ ጎረቤታችን እየሳቀ።

ሰብሳቢው ማግኔቱን ወደ ኒሻኑ አስጠጋ። እኔ ከበሩ ኋላ ተሸሸግኩ፤ ያኔም ጀግና አልነበርኩም። አባቴ ኒሻኑን በላብ በራሰ መዳፉ ጨበጠ።

"የሰጠኝን ሰው እኔ አውቀዋለሁ። ያንተ ማግኔት አያውቀውም።"

ዛሬ ያን የጠጋኙን ማግኔት ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ከአባቴ የወረስኩት ኒሻን፣ እስከ ዛሬ ሳይሞከር፣ መኝታ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው። ማግኔቱን ሳሎን አስቀመጥኩት፤ መሀል ያለውን በር ደግሞ፣ ጀግናው እኔ፣ ቆልፌዋለሁ።